አደራውን የበላው ጨው ነውን?

ጨው በእኛ ዘንድ ስሙ ክፉ አይደለም። አያቶቻችን አሞሌን እንደ ገንዘብ ይዘው ገበያ ወጥተውበታል፤ ከአፋር ምድር በግመል ተጭኖ ደጋ የወጣ አሞሌ እህልም ልብስም ይገዛ ነበር። ቋንጣውን ከመበስበስ የሚጠብቀው፣ ወጡን ወጥ የሚያሰኘው እርሱ ነው። ሰውም ጨዋታው ለዛ ሲያጣ ጨው የለውም ይባላል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረታችን እንኳ የጨውን ክብር የሚናገር ነው።

በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሕዝብ ግን ጨው ሌላም ጠባይ አለው። ነፋስ ከማዕበሉ ላይ እየቀረፈ የሚያመጣው ጨው ዓይን የማያየው ጤዛ ሆኖ በቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ በመስኮት ብረት፣ በመኪና ገላና በድልድይ ምሰሶ ላይ ያርፋል። ሥጋን ከመበስበስ የሚያድነው ያው ጨው ብረትን ያበሰብሳል። በጠረፍ አገር መንገድና ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ እንግዲህ ሒሳቡን የሚያወራርደው ከጭነትና ከነፋስ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከማይታይና ከማይቸኩል ባላጋራ ጋርም ጭምር ነው።

ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሣሁት ነበር። ግን ከሲሚንቶውና ከብረቱ ሥር የሁላችንም የሆነ አንድ ጥያቄ ተቀብሯል። ዛሬ የሠራነውን ነገር እኛ ካለፍን በኋላ ቀስ ብሎ የሚያፈርሰው ኃይል እንዳለ ካወቅን፣ ነገ በላዩ ለሚሻገረው ለማናውቀው ሰው ምን ዕዳ አለብን? ድልድዩ በፈረሰ ዕለትስ አደራ በላ የሚባለው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆነኝ የጣሊያኗ የወደብ ከተማ የጄኖቫ ታሪክ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ኦገስት 14 ቀን 2018 ረፋዱ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ በጄኖቫ ዶፍ ዝናብ እየጣለ ነበር። በማግስቱ የጣሊያን ሕዝብ ሥራ ፈትቶ የሚያከብረው የበጋ በዓል ስለሆነ አውራ ጎዳናው ለዕረፍት በሚጓዙ ቤተሰቦችና ዕቃ በጫኑ ከባድ መኪናዎች ተይዟል። በዚያች ደቂቃ የፖልቼቬራን ሸለቆ የሚሻገረው ታላቁ ድልድይ ከ200 ሜትር በላይ የሚሆነው ክፍሉ ከነማማው ተደርምሶ ወረደ። 43 ሰዎች ሞቱ። በድልድዩ ሥር በነበሩት ሕንፃዎች ይኖሩ የነበሩ ከ500 በላይ ሰዎችም ቤታቸውን ለቀው ወጡ።

ይህ ድልድይ ተራ ድልድይ አልነበረም። በ1967 ሲመረቅ የጣሊያን ፕሬዚዳንት የተገኙበት፣ 1182 ሜትር የሚረዝም፣ መንገዱ ከሸለቆው ወለል 45 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ማማዎቹ 90 ሜትር የሚደርሱ የአገር ኩራት ነበር። ነዳፊው ሪካርዶ ሞራንዲ በዘመኑ እጅግ ከተደነቁት መሐንዲሶች አንዱ ነው፤ በቬኔዝዌላ የማራካይቦን ሐይቅ የሚሻገረውና በ1962 የተመረቀው ድልድይም የእርሱ ሥራ ነው። ሌሎች መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ድልድይ ከማማ ላይ በሚወርዱ በርካታ የብረት ገመዶች ሲያንጠለጥሉት፣ ሞራንዲ ከእያንዳንዱ ማማ ያወረደው አራት ብቻ ነበር። ገመዶቹንም ገላቸውን አላስቀረም፤ በአርማታ ሸፈናቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አርማታው ብረቱን ከዝናብና ከጨው ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። «አርማታ» እና «ፌሮ» የሚሉትን ቃላት የእኛ ግንበኞች የወሰዱት ከጣሊያኖች ነው። ከቃሉ ጋር እምነቱንም ሳንወስድ አልቀረንም። ፌሮው አንዴ በአርማታ ከተለበጠ በኋላ ዘላለማዊ ነው የሚል እምነት ነው። በ1960ዎቹ ይህ የሞኝ እምነት አልነበረም፤ የብዙ ሊቃውንትም እምነት ነበር።

የእምነቱ መሠረት እውነት ነው። አርማታ እንደ ኖራ ያለ ጠባይ አለው፤ በዚህ ጠባዩ የተነሣ በውስጡ በተቀበረው ብረት ላይ እጅግ ስስ የሆነ መከላከያ ቆዳ ይፈጠራል። ቆዳው እስካለ ድረስ ብረቱ አይዝግም። ጨው ግን በእርጥበት ተሸክሞ በአርማታው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይሰርጋል። ዓመታት ቆጥሮ ብረቱ ዘንድ ሲደርስ ያቺን ቆዳ ይበሳታል። ዝገትም ይጀምራል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ሌላ ጨው ይገባል። ብዙው ሰው የሚመስለው ዘወትር ውሃ ውስጥ የተነከረው የምሰሶ ክፍል ይበልጥ የሚጎዳ ነው። ይሁን እንጂ ይበልጥ የሚጎዳው ማዕበሉ እየረጨው ፀሐዩ የሚያደርቀው ክፍል ነው፤ ውሃው፣ ጨውና አየሩ ሦስቱም የሚገናኙት እዚያ ነውና።

መድኃኒቱም ቢሆን ምሥጢር አይደለም። ውሃ ያልበዛበት ጥቅጥቅ ያለ አርማታ፣ ዝናቡን ቶሎ የሚያወርድ አሸንዳ፣ በፌሮውና በአየሩ መካከል ወፈር ያለ ሽፋን ያስፈልጋል። በግርድፉ ሲሰላ ሽፋኑ በእጥፍ ቢወፍር ጨው ብረቱ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። በሥራው ቀን ማንም የማያያት፣ በምርቃቱ ቀን ማንም የማያጨበጭብላት ሁለት ጣት አርማታ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ልታተርፍ ትችላለች ማለት ነው። የጠረፍ ድልድይ ሥነ ምግባር የሚጀምረው ከዚህች ሁለት ጣት ነው። ብትጎድልም የሚያውቅባት የለም፤ ቢታወቅም አጉዳዩ አይኖርም።

ወደ ጄኖቫ እንመለስ። ድልድዩ በተመረቀ በ12ኛው ዓመት፣ በ1979፣ ስለ ድልድዩ መጎዳት ጽፎ ያስጠነቀቀው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ሞራንዲ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ አየር በአቅራቢያው ካለው የብረት ፋብሪካ ጭስ ጋር ተባብሮ አርማታውን ባልጠበቀው ፍጥነት እየበላው መሆኑን አስረዳ። ዝገቱ እንዲጠረግ፣ የተጎዳውም ክፍል ተሞልቶ በመከላከያ ቅብ እንዲሸፈን መከረ። ሞራንዲ በ1989 ሞተ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሦስቱ ማማዎች የአንደኛው፣ የ11ኛው፣ ገመዶች ከውጭ በተጨመረ ብረት ተጠናከሩ። 9ኛው ማማ ግን እንዲያ ያለ ማጠናከሪያ ሳያገኝ ቆየ። በ2018 የወደቀውም እርሱ ነው። ፍርድ ቤት የሰየማቸው ባለሙያዎች ከጊዜ በኋላ ባቀረቡት ጥናት፣ የውድቀቱ መነሻ ከዚያ ማማ ገመዶች በአንዱ ጫፍ ላይ በተሸፈነው ብረት ውስጥ የኖረ ዝገት መሆኑን አረጋገጡ። ይበልጥ ልብ የሚሰብረው ደግሞ የቀሩትን ማማዎች የማጠናከር ንድፍ አልቆ፣ ሥራው ሊጀመር የታሰበው በዚያው ዓመት መኸር ላይ መሆኑ ነው። ጥገናው ወራት ቀርተውት ነበር።

እንግዲህ አደራውን የበላው ማን ነው?

ጨው ነው እንዳንል ጨው ለማንም ቃል አልገባም። ከፍጥረት ጀምሮ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ባሕሩን መውቀስ እሳትን ለምን አቃጠልህ ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ሞራንዲ ነው እንበልን? ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን የተስፋ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜም አልደበቀም። የገዛ ሥራው እያረጀ መሆኑን በራሱ እጅ መጻፍ ለዝነኛ ሰው ቀላል አይደለም። አለማወቅ እስከሚታወቅበት ቀን ድረስ ምክንያት ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዝም ማለትም፣ ማቆየትም ሥራ ነው፤ ያስጠይቃል። በ2022 በጄኖቫ 59 ሰዎች ለፍርድ ቀርበዋል። የሕጉን ነገር ለዳኞች እንተውና እኛ የራሳችንን ኅሊና እንመርምር።

በዚህ ታሪክ የሚያስፈራኝ የአንድ ክፉ ሰው እጅ አለመታየቱ ነው። ትናንት የቆመ ድልድይ ዛሬም ይቆማል ብሎ ማሰብ እብደት አይደለም። የዛሬውን ጥገና ለከርሞ ማስተላለፍም በዕለቱ ሲያዩት ወንጀል አይመስልም፤ በጀት ጠባለች፣ ጥናት አላለቀም፣ መንገዱን ቢዘጉት ሕዝብ ይጉላላል። እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ቀኖቹ ሲደመሩ ግን 39 ዓመት ይሆናሉ። ጨው ብረትን የሚበላው እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀን የሚበላው ለዓይን አይሞላም። ቸልተኝነትም ኅሊናን የሚበላው በዚሁ መንገድ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አይመስለኝም።

በሞራንዲ ላይ የሚቀረኝ አንድ ወቀሳ አለ። ብረቱን የሸፈነው ሊጠብቀው ነው፤ ነገር ግን የሸፈነውን ተከታዩ ሰው ሊያየው አይችልም። አራት ገመድ ብቻ በሆነበት ቦታ አንዱ ቢበጠስ ሸክሙን የሚረከብ የለም። ስለዚህ ከጥንካሬ የሚበልጥ ሌላ ግዴታ አለ እላለሁ። ሰው ሲሠራ ስሕተቱ ለሚከተለው ሰው እንዲታይ አድርጎ ይሥራ። «ይህ ዘላለም ይኖራል» ብሎ የሚሠራ ራሱን ያታልላል። «ይህ ያረጃል፤ ሲያረጅም ማየት የምትችሉበት በር ይኸውላችሁ» ብሎ የሚሠራ ግን አደራን ያውቃል።

አንድ ብርቱ መከራከሪያ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ የድኻ መከራከሪያ ነው። በሜክሲኮ የዩካታን ጠረፍ ላይ ፕሮግሬሶ በምትባል ከተማ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ የሚገባ የመርከብ መጠጊያ ድልድይ አለ። ከ1937 እስከ 1941 ሲሠራ በውስጡ የገባው ፌሮ የማይዝግ ብረት ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት ይህ ነው የሚባል ጥገና ሳያሻው በዚያ ሞቃትና ጨዋማ ባሕር ላይ ቆሟል። ከእርሱ በኋላ አጠገቡ በተራ ፌሮ የተሠራው ሌላው መጠጊያ ግን ፈርሶ ጉቶዎቹ ብቻ ቀሩ። እንግዲያው ሁሉም በማይዝግ ብረት ይሠራ እንበል? የማይዝገው ፌሮ ዋጋው የተራውን ብዙ እጥፍ ነው። በዘንድሮው ክረምት ወንዝ ሞልቶባት በምጥ የተያዘችን እናት «ለመቶ ዓመት የሚሆን ድልድይ እስክንሠራ ታገሺ» የሚላት ማን ነው? የወደፊቱ ሰው መብት አለው ብለን የዛሬውን ሰው ብንበድል ያም ሌላ ግፍ ነው።

መልሴ ይህ ነው። ድኻ ርካሽ መሥራት ይችላል፤ መዋሸት ግን አይችልም። ለ30 ዓመት የሚሆን ድልድይ መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ ለ30 ዓመት ሠርቶ ለዘላለም ነው ብሎ ማስመረቅ፣ በ30ኛው ዓመት ለሚያስፈልገውም ምንም አለማስቀመጥ ነው። በ1997 የተከፈተው፣ በካናዳ 12.9 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባሕር የሚሻገረው የኮንፌዴሬሽን ድልድይ የተነደፈው ለ100 ዓመት ነው ተብሎ በግልጽ ነው። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ አይደለም ቁም ነገሩ፤ መነገሩ ነው። ዕድሜው የተነገረ ነገር ጠባቂ ይኖረዋል።

ቁጥር ስል ደግሞ ቁጥርም እንደሚያታልል አልዘነጋሁም። መሐንዲሶች «በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ማዕበል» የሚሉት ነገር አለ። ሰው ይህን ሲሰማ አደጋው የልጅ ልጁ ነው ብሎ ይረጋጋል። ትርጉሙ ግን በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው፤ 75 ዓመት በሚያገለግል ድልድይ ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል ሲሰላ ከግማሽ ያልፋል። ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ደቡብ ጠረፍ ስትመታ፣ በኒው ኦርሊንስ አጠገብ የፖንቻርትሬን ሐይቅ የሚሻገሩት መንትያ ድልድዮች ለውሃው ቅርብ ሆነው የተሠሩ ስለነበሩ፣ ያበጠው ውሃና ማዕበሉ በመቶ ቶን የሚመዘኑትን የመንገዱን ክፍሎች ከምሰሶዎቻቸው ላይ እያነሣ ጣላቸው። በምትካቸው የተሠሩት አዲሶቹ ድልድዮች ከውሃው በላይ 9 ሜትር ያህል ከፍ ብለዋል። ዛሬ የባሕር ወለል ከፍ እያለ በመሄዱ የትናንቱ የመቶ ዓመት ቁጥር ለነገ አይበቃም። ይህን እያወቀ በትናንት ቁጥር የሚነድፍ ሰው «አላወቅሁም» የሚለውን መሸሸጊያ አጥቷል።

ከሁሉ ጠልቆ የሚሄደው ጥያቄ ግን ይህ ነው፤ ገና ላልተወለደ ሰው ዕዳ አለብን ማለት ይቻላልን? የሌለ ሰው እንዴት ባለመብት ይሆናል? ክርክሩ በወንበር ላይ ሲያዩት የተቃና ይመስላል። በጄኖቫ ከሞቱት መካከል ግን ሕፃናት ነበሩ። በ1967 ሪባን ሲቆረጥ እነዚያ ሕፃናት አልነበሩም፤ በ1979 ሞራንዲ ሲያስጠነቅቅም አልነበሩም። ለሚከራከረው ፈላስፋ «የሌሉ» ነበሩ። በ2018 ግን ስም ነበራቸው፤ በወላጆቻቸው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ያልተወለደ ሰው ማለት እንግዲህ ገና በመንገድ ላይ ያለ ሰው ነው። በድልድዩ ላይ የሚደርሰው እኛ ከሄድን በኋላ ነው እንጂ መድረሱስ አይቀርም።

እኛ ለዚህ አሳብ ከፈረንጅ ቃል መበደር የለብንም። አደራ የሚለው ቃል አለን። አደራ ማለት ባለቤቱ በሌለበት የምንጠብቀው ነገር ነው። ባለቤቱ አጠገባችን ቆሞ ከሚቆጣጠረንማ አደራ አይባልም፤ ውል ነው። አደራ በላ የሚለው ስድብ ከሌባ የሚከፋውም ለዚህ ነው፤ ሌባ የሚሰርቀው ከሚጠብቀው ሰው ነው፣ አደራ በላ ግን የሚሰርቀው ካመነው ሰው ነው። ድልድይ ላይ የወጣ መንገደኛ ወርዶ ምሰሶውን አይመረምርም። ያምናል።

«እኛ ባሕር የለን፤ የጄኖቫ ጨው ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጨው ቢርቅም ዝናብ አይርቅም፤ አሸንዳው የተደፈነ ድልድይም በደጋ ይዝጋል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ። ከዝገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ልማዱ ነው። ለምርቃት ድንኳን እንተክላለን፣ ሪባን እንቆርጣለን፣ ድንጋይ ላይ ስም እናስቀርጻለን። አሸንዳ ለጠረገ ሰው ስሙ የተጻፈለት ድንጋይ ግን አይቼ አላውቅም።

ይህ ደግሞ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ዕድር ያለው ሕዝብ ነን። ቀኑን ለማናውቀው ሐዘን በየወሩ እናዋጣለን፤ ሞት በአንዱ ቤት ሲገባ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ዘንድሮ ማንም አልሞተምና መዋጮውን እናቁም የሚል የዕድር ዳኛ አላየሁም። በ1997 በአገራችን ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ ለመንገድ ጥገና የሚውል የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም፣ ሐሳቡ በዕድር ለኖረ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ለሰው ሞት የምናዋጣውን ያህል ለመንገድና ለድልድይ እርጅና ማዋጣት መልመድ ነው የሚቀረን።

ጄኖቫ አዲሱን ድልድይ ኦገስት 3 ቀን 2020 መረቀች። የነደፈው የከተማዋ ተወላጅ የሆነው ሬንዞ ፒያኖ ነው። ጨዋማው እርጥበት ብረቱ ላይ እንዳያርፍ በውስጡ አየሩን የሚያደርቅ መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ ከሥሩ እየተመላለሱ የሚፈትሹ ሮቦቶችም ተሠርተውለታል። የፊተኛው ድልድይ አላረጅም ብሎ ነበር የቆመው። ይህኛው ማርጀቱን አምኖ ቆሟል። ግን አየር ማድረቂያውም፣ ሮቦቱም የሚያየውን አይቶ ዛሬውኑ የሚነሣ ሰው ካላገኘ ከ1979ኙ ማስጠንቀቂያ አይሻልም።

አንባቢ ሆይ፣ ነገ በምትሻገረው ድልድይ ላይ ስትደርስ ሪባኑን ማን እንደ ቆረጠው ከድንጋዩ ላይ ታነብበዋለህ። ሥሩን ለመጨረሻ ጊዜ ወርዶ ያየው ማን ነው?